720 በ 576 እንዴት ሆኖ ነው 4:3 የሚባለው? ደሞ እነዚህ ሁሉ ስሞች ከየት መጡ?

የካሴት_ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ሶስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል እና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

አባቴ ያለበት አንድ የድሮ ቪኤችኤስ ካሴት አለን። አባቴ ካረፈ ቆየ፣ ፎቶ አለን እንጂ ሲራመድና ሲያወራ የሚታይበት ከዚህ ካሴት ሌላ ምንም የለንም፣ ስለዚህ ሳይበላሽ ብዬ ወደ ፋይል አስገለበጥኩት። ፋይሉ 720 በ 576 ነው የሚለው። ኤዲቲንግ ላይ 1920 በ 1080 ፕሮጀክት ከፍቼ ስከተው አባቴ ቀጥኖ መጣ። ብዙ አይደለም፣ የማያውቀው ሰው ላያስተውለው ይችላል፣ እናቴ ግን ገና እንዳየችው "ያኔ እንዲህ ከስቶ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ከዛ ስክሪኑን ይሙላ ብዬ ስትሬች የሚለውን ስነካው ደሞ ጉንጩ አብጦ ትከሻው ሰፍቶ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ 720ን ለ 576 ሳካፍለው የሚመጣው 1.25 ነው፣ 4:3 ደሞ 1.33 ነው። የድሮ ቲቪ ስፋቱ ለቁመቱ 4:3 ነው ይላል ሁሉም ሰው፣ ፋይሉ ግን አይደለም፣ ታዲያ ማነው የተሳሳተው? ሁለተኛ፣ ሜኑው ላይ ሌተርቦክስ፣ ፒላርቦክስ፣ አናሞርፊክ፣ ፒክስል አስፔክት ሬሾ የሚሉ ምርጫዎች ተደርድረዋል። ሳጥንና ቪዲዮን ምን አገናኛቸው? ስሞቹ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ ካለ እሱንም ይንገረኝ፣ እኔ አንድ ነገር የሚገባኝ ስሙ ሲገባኝ ነው፣ በጭፍን እየነካሁ የአባቴን መልክ ማበላሸት አልፈልግም።

ፍሬም_ቆጣሪ፦

እህቴ አባትሽን ነፍስ ይማር። ማንም አልተሳሳተም፣ ፋይሉም ልክ ነው 4:3 የሚሉትም ልክ ናቸው፣ ነገሩ ፒክስሉ ካሬ አለመሆኑ ነው።

አሁን ስልክም ኮምፒውተርም ላይ አንድ ፒክስል ቁመቱና ስፋቱ እኩል ስለሆነ ሁሌም እንደዛ የነበረ ይመስለናል። የድሮ ቲቪ ግን ወደ ጎን ፒክስል የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረውም። የነበረው መስመር ነው፣ ከላይ እስከ ታች በቁጥር የታወቀ መስመር፣ እያንዳንዱ መስመር ውስጥ ግን ምስሉ ከፍ ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው፣ ልክ ድምፅ ካሴት ላይ እንደሚቀዳው በለው። ያንን ሞገድ ወደ ቁጥር ለመቀየር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንለካው የሚለውን ሰው ቁጭ ብሎ መወሰን ነበረበት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሪኮመንዴሽን 601 የሚባለው ስታንዳርድ በሰከንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ ብሎ ወሰነ። ይሄ ቁጥር የተመረጠው ዓለም ላይ ባለ 625 መስመርና ባለ 525 መስመር የሚባሉ ሁለት የቲቪ አሰራሮች ስለነበሩ ነው፣ 13.5 ለሁለቱም ያለ ትርፍራፊ የሚገጥም ቁጥር ነው፣ በሁለቱም ላይ ለአንድ መስመር ምስል 720 ናሙና ይያዛል፣ ፋይሉ ላይ እያንዳንዱ ናሙና አንድ ፒክስል ነው። ስለዚህ 720 የመጣው ከስምምነት ነው፣ ከስክሪኑ ቅርፅ ጋር ቀጥታ ግንኙነት የለውም።

አሁን አስቢው፣ ስክሪኑ በሁለቱም አሰራር 4:3 ነው፣ ወደ ጎን ሁለቱም 720 ናቸው፣ ወደ ታች ግን ባለ 625ቱ 576 የሚታይ መስመር አለው ባለ 525ቱ ወደ 480። እንግዲህ ሁለቱም አንድ ቅርፅ ስክሪን ላይ እንዲያርፉ ከተፈለገ ባለ 576ቱ ፒክስል ወደ ጎን ሰፋ ማለት አለበት፣ ባለ 480ው ደሞ ጠበብ። ያንቺ ባለ 576 ስለሆነ እያንዳንዱ ፒክስል ከቁመቱ ይልቅ በትንሹ ሰፊ ነው። ሶፍትዌርሽ ይሄን የሚነግረው ምልክት ፋይሉ ላይ ስላላገኘ ሁሉንም ካሬ አድርጎ አነበበው፣ አባትሽም የቀጠነው በዚህ ነው። ያስገለበጥሽበት ቦታ ምልክቱን ሳያስገባ ስለተወው ነው እንጂ ምስሉ አልተበላሸም፣ ሙሉው እዛው አለ።

መፍትሄው፣ ክሊፑን ቲምላይን ላይ በእጅሽ አትጎትቺው። ክሊፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ የፋይሉ አነባበብ የሚስተካከልበት ውስጥ ግቢና ፒክስል አስፔክት ሬሾ የሚለውን፣ የአንድ ፒክስል ስፋት ከቁመቱ ጋር ያለው ሬሾ ማለት ነው፣ ከካሬ ወደ ፓል 4:3 ቀይሪው፣ ፓል የሚሉት ያንቺን ባለ 625 መስመሩን አሰራር ነው። ከዛ ቁመቱን 1080 ላይ ሙዪው፣ ስፋቱ 1440 አካባቢ ይሆናል፣ በግራ 240 በቀኝ 240 ጥቁር ይቀራል። ያ ጥቁር ነው ፒላርቦክስ። ተይው ይኑር። እሱን ለማጥፋት ስትሬች ካደረግሽ ሰውን አንድ ሶስተኛ ያህል ወደ ጎን ነው የምታሰፊው፣ ከቆረጥሽው ደሞ ከምስሉ ቁመት ሩቡ ይሄዳል፣ እና የድሮ ካሜራ ያነሳው ሰው ጭንቅላት ሁሌም ወደ ላይኛው ጠርዝ ነው የሚጠጋው።

ስልክ_ብቻ፦

ጥቁሩ ካስጠላሽ ያንኑ ቪዲዮ አሳድገሽ ብለር አድርገሽ ከኋላ አድርጊው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው ያምራል

ፍሬም_ቆጣሪ፦

@ስልክ_ብቻ ለአጭር ዜና ወይ ለማስታወቂያ ይሁን፣ እንዲህ ላለ ነገር ግን አልስማማም። ከጎኑ የሚንቀሳቀስ ደብዛዛ ነገር ካለ ዓይን ሳያስበው ወደዛ ይሄዳል። ጥቁር ዝም ይላል። ቤተሰብ ቁጭ ብሎ የሚያየው አንድ ሰው ከሆነ ዓይኑ እሱ ላይ ይረፍ።

ጥቁር_ባር፦

የሳጥኑን ነገር እኔ ልመልስ፣ ብዙ ጊዜ የማስበው ነገር ስለሆነ።

ሌተርቦክስ ሲባል ሳጥን ብለሽ አታስቢ፣ እንግሊዞች ሌተርቦክስ የሚሉት በር ላይ የተቀደደውን የደብዳቤ ማስገቢያ ነው። ፖስተኛው ከውጪ ደብዳቤውን የሚከትበት ቀጭን፣ ወደ ጎን ረጅም ስንጥቅ። አሁን ሰፊ ስክሪን ፊልም በድሮ 4:3 ቲቪ ሳይቆረጥ ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር ይሆንና ምስሉ መሃል ላይ እንደ ስንጥቅ ይቀራል፣ ልክ ጎንበስ ብሎ በዛ የበር ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንደማየት። ስሙ ከዛ ነው።

ፒላርቦክስ ደሞ የቃላቱ ወንድም ነው። እንግሊዝ መንገድ ላይ የቆሙት ቀይ፣ ክብ፣ እንደ ምሰሶ ያሉ ፖስታ ሳጥኖች አሉ አይደል፣ በፈረንጅ ከ1850ዎቹ ጀምሮ የቆሙ ናቸው፣ ስማቸው ፒላርቦክስ ነው፣ ፒላር ማለት ምሰሶ። 16:9 ቲቪ መጥቶ የድሮው ምስል በግራና በቀኝ ጥቁር ሲያወጣ "ሌተርቦክስ የሚለው ለላይና ታቹ ተይዟል፣ ለዚህኛው ምን እንበለው" ሲባል ከዛው ከፖስታ ቤት ሰፈር ሌላ የቆመ ነገር ተገኘ። በዛ ላይ ሁለቱ ጥቁሮች ራሳቸው ምሰሶ ይመስላሉ፣ ስለዚህ ስሙ በሁለቱም በኩል ይገጥማል።

ምስሉ በአራቱም በኩል ጥቁር ከከበበው ዊንዶውቦክስ ይባላል፣ የፖስታ ቴምብር የሚሉትም አሉ። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንዱ ሰው ሌተርቦክስ አድርጎ ያወጣውን ሌላው ተቀብሎ ፒላርቦክስ ሲያደርገው ነው። ስለዚህ አንቺም ኤክስፖርት ስታደርጊ አንዴ ብቻ ይሁን፣ ጥቁሩ አንዴ ምስሉ ውስጥ ከተጋገረ ማስወጣቱ ሌላ ስራ ነው።

በነገራችን ላይ 16:9 ራሱ የመጣው ከወርቃማው ሬሾ ነው፣ ለሰው ዓይን ደስ የሚል ቅርፅ ስለሆነ።

ጋሼ_ፕሮጀክተር፦

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ በዲጂታሉ በኩል ብዙም አይደለሁም፣ ግን ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ለረጅም ዓመት ያሳየሁ ሰው ስለሆንኩ የዚችን ልጅ ጥያቄ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምናገረው ዓመተ ምህረት ሁሉ በፈረንጅ ነው።

4:3ን ቲቪ አልፈጠረውም። ኤዲሰን ቤት ይሰራ የነበረ ዊሊያም ዲክሰን የሚባል ሰው ነው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ የወሰነው። ከፊልም አምራቹ ከኢስትማን የመጣውን 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፊልም መሃል ለመሃል ለሁለት ሰነጠቀው፣ 35 ሚሊሜትር የተገኘው እንዲህ ነው። ከዛ በሁለቱ ጠርዝ ላይ ጥርሱ የሚይዘውን ቀዳዳ በሳ፣ ለአንድ ስዕል አራት ቀዳዳ ቁመት ሰጠው። በቀዳዳዎቹ መሃል የቀረው ቦታ አንድ ኢንች ስፋት በሦስት ሩብ ኢንች ቁመት፣ ማለትም አራት ለሦስት። በ1909 የፊልም ኩባንያዎቹ በዚህ ተስማሙ። ድምፅ ሲመጣ የድምፁ መስመር ፊልሙ ጠርዝ ላይ ታትሞ ከስዕሉ ስፋት ወሰደበት፣ ስዕሉ ወደ ካሬ ተጠጋ፣ ሰውም አልወደደውም፣ በ1932 የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ ከላይና ከታች ቀነስ አድርጎ ወደ 1.37 መለሰው። ቴሌቪዥን ሲመጣ የነበረውን ቅርፅ ወሰደ፣ በቃ።

የሰፋው ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ ነው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በነፃ ማየት ሲጀምር ሲኒማ ቤቶች ቤት የሌለ ነገር ማሳየት ነበረባቸው። በ1952 ሲኔራማ በሦስት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን ጠማማ ስክሪን ላይ አሳየ፣ ግን ሦስት ፕሮጀክተር ማን ይችላል። በ1953 ፎክስ የሚባለው የፊልም ኩባንያ ሲኒማስኮፕን አመጣ፣ እዚህ ላይ ነው ያቺ አናሞርፊክ የምትለው ቃል የምትመጣው።

ሄንሪ ክሬትየን የሚባል ፈረንሳዊ ነው ሌንሱን የሰራው፣ መነሻው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ታንክ ውስጥ ያለ ወታደር በጠባብ ቀዳዳ ሰፊ ቦታ እንዲያይ ታስቦ ነበር። ሌንሱ ሰፊውን ነገር ወደ ጎን በግማሽ ጨምቆ በዛው በድሮው 35 ፊልም ላይ ያሳርፈዋል፣ ሲታይ ደግሞ ፕሮጀክተሩ ላይ ያለው ተቃራኒ ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። ቃሉ ግሪክ ነው፣ ቅርፅን መልሶ መስራት እንደማለት፣ ከሲኒማ በፊትም ሰዓሊዎች ይጠቀሙበት ነበር። ሃንስ ሆልባይን በ1533 በሳለው በሁለቱ አምባሳደሮች ስዕል ከእግራቸው ስር የተዘረጋች የተጣመመች ነገር አለች፣ ከጎን ስትቆም ብቻ የራስ ቅል ትሆናለች። አናሞርፊክ ማለት ይሄ ነው፣ ምስሉ አልተበላሸም፣ በትክክለኛው መንገድ እስኪታይ ይጠብቃል።

አሁን ልጄ ያንቺ ነገር ለምን እንደነካኝ ልንገርሽ። እኛ ስኮፕ እና ፍላት ነው የምንለው፣ ስኮፕ እንዲህ የተጨመቀው፣ ፍላት ያልተጨመቀው። ስኮፕ ፊልም ገብቶ የፍላቱ ሌንስ ሳይቀየር ከተጀመረ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ ይረዝማል። ፊልሙ ላይ ያለው ስዕል ግን ምንም አልሆነም፣ ሌንሱን ስታዞር ሰዎቹ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። እኔ ያቺን ቅፅበት ሁሌም እወዳት ነበር። አባትሽም እንደዛው ነው፣ ፋይሉ ውስጥ በሙሉ መልኩ አለ፣ የጎደለው ሌንሱ ነው።

የካሴት_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎ። ይህንን ለእናቴ አነበብኩላት፣ "ሌንሱ ነው የጎደለው" የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ስኮፕ አንዳንዱ ቦታ 2.35 አንዳንዱ ቦታ 2.39 ይላል፣ የቱ ነው?

ጋሼ_ፕሮጀክተር፦

አሜን ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ሁለቱም ልክ ነው፣ ዘመኑ ነው የሚለያቸው። መጀመሪያ ከ2.5 በላይ ነበር፣ የድምፅ መስመር ሲገባበት 2.35 ሆነ። ችግሩ ስኮፕ የፊልሙን ቁመት ሙሉ ስለሚጠቀም ኔጋቲቩ የተጣበቀበት ቦታ ሲደርስ ከላይ ወይ ከታች ብልጭ ትል ነበር። በ1970 የማሳያው ቀዳዳ ቁመት በጥቂቱ እንዲያንስ ተደረገ፣ መጣበቂያውም ተሸፈነ፣ ሬሾውም ወደ 2.39 ሄደ። ሰው ግን በለመደው ስም ቀረ፣ ዛሬም 2.35 የሚለው አብዛኛው 2.39 ማለቱ ነው።

አራት_ለሦስት፦

@ጥቁር_ባር የሳጥኖቹ አሪፍ ነው ግን የመጨረሻዋን መስመር ላስተካክል፣ 16:9 ከወርቃማው ሬሾ አልመጣም። ወርቃማው 1.618 ነው፣ 16:9 ደሞ 1.778፣ ሰፊ ልዩነት ነው። የድሮ ላፕቶፖች 16:10 ነበሩ፣ እሱ 1.6 ስለሆነ እንደውም እሱ ነው የሚቀርበው።

እውነተኛው ታሪክ ከዛ ይበልጣል። በ1980ዎቹ ኤችዲ ቲቪ ሲታሰብ የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማህበር ውስጥ ኬርንስ ፓወርስ የሚባል መሐንዲስ ነበር። የነበሩትን ዋና ዋና ሬሾዎች ከ 1.33 እስከ 2.35 ወስዶ ሁሉንም ስፋታቸው ይለያይ እንጂ የቦታ መጠናቸው እኩል የሆነ አራት ማዕዘን አደረጋቸው፣ ከዛ መሃላቸውን አገጣጥሞ አንዱን በአንዱ ላይ ደረባቸው። ሁሉንም የሚያቅፈውን ትልቁን የውጪ ክፈፍ ሲለካ 1.77 ሆነ። ሁሉም የሚጋሩትን ትንሹን የውስጥ ክፈፍ ሲለካ እሱም 1.77 ሆነ። እጄ ላይ ወረቀት ቆርጬ ሞክሬዋለሁ፣ በእውነት ይሰራል። ምክንያቱ 1.77 የ 1.33 እና የ 2.35 ጂኦሜትሪክ አማካይ ስለሆነ ነው፣ ሁለቱን አባዝተሽ ስኩዌር ሩት ስታወጪ ማለት ነው።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ በአንቺ ቪዲዮ እይው። 4:3 ምስል 16:9 ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ከስክሪኑ 75 ፐርሰንቱን ይይዛል። ባለ 2.35 ፊልም ደሞ እዛው ስክሪን ላይ ሲቀመጥ 75 ፐርሰንት ከምናምን ይይዛል። አንዱ በጎን አንዱ በላይና በታች፣ ግን የሚከፍሉት ጥቁር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ማንም ሙሉ በሙሉ አልተደሰተም ማንም ከሌላው በላይ አልተጎዳም፣ ለእኔ ከማንኛውም ወርቃማ ምናምን ይልቅ ደስ የሚለኝ ይሄ ፍትሃዊነቱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር ስለምወደው ነው። 16:9 ማለት 4:3 በራሱ ሲባዛ ነው፣ አራት አራቴ 16፣ ሦስት ሦስቴ 9። እንደገና በ 4:3 ብታባዢው 64:27 ይመጣል፣ እሱ 2.37 ነው፣ ገበያ ላይ 21:9 እየተባሉ ከሚሸጡት ሰፋፊ ስክሪኖች አንዳንዶቹ በስሌት እሱ ናቸው፣ 21:9 ስም ብቻ ነው ምክንያቱም እውነተኛው 21:9 2.33 ነው።

ጥቁር_ባር፦

@አራት_ለሦስት አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ የሆነ ቪዲዮ ላይ ሰምቼው ሳላጣራ ነው የያዝኩት። አሁን ወረቀት ቆርጬ ሞከርኩት፣ የውስጡ ክፈፍ 1.77 ሲመጣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት።

ቃል_ፈላጊ፦

ስሙ ሲገባኝ ነው ነገሩ የሚገባኝ ላልሽው፣ እኔም እንደዛ ስለሆንኩ ያጠራቀምኳቸውን ልጻፍልሽ።

ሌንስ ማለት በላቲን ምስር ነው። የምናበስለው ምስር። መስታወቱ መሃሉ ወፍሮ ጠርዙ ሲቀጥን ቅርፁ የምስር ፍሬ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ፎከስ ደሞ ምድጃ ነው፣ ኬፕለር በ1604 ለሌንስ ጨረሮች መገናኛ ነጥብ ተጠቀመበት፣ በሌንስ የፀሐይ ብርሃን አጠራቅሞ ወረቀት ያቃጠለ ሰው እሳቱ የሚነሳበትን ነጥብ ያውቃታል። ካሜራ ክፍል ማለት ነው፣ ጨለማ ክፍል የሚለው ተቆርጦ ክፍል ብቻ ቀረ። ስለዚህ "የካሜራውን ሌንስ ፎከስ አድርጊ" ሲሉሽ ቃል በቃል ክፍሉ፣ ምስሩ፣ ምድጃው ነው የሚሉሽ፣ እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ እነዚህ ቃላቶች ቀዝቃዛ አይመስሉኝም።

የድሮ ቲቪ ምስል የሚስልበት አካሄድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ከዛ ተመልሶ ከስር ሌላ መስመር፣ ራስተር ይባላል። ላቲኑ ባለ ጥርስ የመሬት መቧጨሪያ ነው፣ መሬቱ ላይ ሲጎተት ትይዩ መስመሮችን ትቶ ስለሚሄድ። ፍሬም_ቆጣሪ ስለ መስመር ያለውን ካነበብሽ በኋላ ይሄን አስቢው፣ ኤሌክትሮኑ ስክሪኑን ልክ እንደ ማሳ እየቧጨረ ነው የሚሄደው።

ፉቴጅ የምንለው ፊልም በፉት ስለሚለካ ነው። ባለ 35ቱ ላይ አንድ ፉት ውስጥ 16 ስዕል አለ፣ በሰከንድ 24 ስዕል ሲያልፍ አንድ ፉት ተኩል ይሄዳል፣ በደቂቃ 90 ፉት። አሁን በፉት የሚለካ ፊልም ሳይኖር በስልክ የቀረፅነውን ሁሉ ፉቴጅ እንላለን። ትሬይለር ደሞ የሚገርመው በኛ ቋንቋ ቃሉ ከመኪናው ተሳቢ ጋር አንድ ነው፣ እና በእርግጥም ያው ነው፣ በ1910ዎቹ የሚቀጥለው ፊልም ማስተዋወቂያ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከጭራው ተያይዞ ይታይ ነበር፣ ተጎታች ማለት ነው። ሰው ፊልሙ ሲያልቅ ተነስቶ ስለሚሄድ ወደፊት መጣ፣ ስሙ ግን ከኋላ ቀረ።

ፒክስል "ፒክቸር ኤለመንት" ተጨምቆ ነው፣ የስዕል ቅንጣት እንደማለት፣ ፒክቸርስን ፒክስ ብሎ ማሳጠር የሆሊውድ ጋዜጦች ልማድ ነበር። ጽሑፍ ላይ የወጣው በ1965 ነው፣ ፍሬድ ቢሊንግስሊ የሚባል በአሜሪካ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የሚሰራ ሰው ከጨረቃና ከማርስ መንኮራኩር የመጡ ምስሎችን ሲገልፅ። እንግዲህ ቃሉ ራሱ የስዕል ቅንጣት ነው የሚለው፣ ካሬ ነው አይልም።

የካሴት_ልጅ፦

ሁላችሁንም ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ፍሬም_ቆጣሪ እንዳልከው ቀየርኩት፣ እናቴን ጠርቼ ሳላስረዳት ዝም ብዬ ከፈትኩላት፣ ዝም ብላ አይታ አይታ "አዎ፣ እሱ ነው" አለች። ከዛ በላይ ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ግን ሁለት ነገር ቀረኝ። ስፋቱ 1440 ይሆናል ብለኸኝ ነበር፣ ሶፍትዌሩ ግን 1473 ነው የሚለኝ። አሁንም ትንሽ ወፍሮ ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ። ሌላው ምስሉ ከስር በኩል የተቀደደ የሚመስል የሚርገበገብ ቀጭን ነገር አለ፣ በልጅነቴ ቲቪ ላይ ስናየው ይሄ አልነበረም፣ ካሴቱ እየሞተ ነው?

ፍሬም_ቆጣሪ፦

"እሱ ነው" ካለች እኔ ምንም አልጨምርም። ግን ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ስለሆነ በደንብ ልመልስ።

አልወፈረም፣ 1473ም ትክክል ነው። ሶፍትዌርሽ ፒክስሉን 12 ለ 11 ብሎ ነው የሚያሰፋው፣ 1.09 ብሎ የሚያሳይሽ እሱ ነው። 720ን በዛ ስታባዢ 785 ይመጣል፣ ወደ 1080 ቁመት ሲያድግ 1473። አሁን ለምን 1440 አልሆነም ካልሽ፣ 4:3 የሆነው ሙሉው 720 አይደለም። በቲቪው አሰራር አንድ መስመር ምስል የሚይዘው 52 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ በ 13.5 ሜጋኸርዝ ስታባዢው 702 ናሙና ነው፣ በስራ ላይ 704 ብለው ይይዙታል። 704ን በ 12 ለ 11 አባዢው፣ ልክ 768፣ ያ ከ 576 ጋር ንፁህ 4:3 ነው። የቀሩት 16 ፒክስሎች፣ በግራ 8 በቀኝ 8፣ ሞገዱ ትንሽ ቀድሞ ቢመጣ ወይ ቢዘገይ እንዳይቆረጥ የተተወ ህዳግ ናቸው። ፋይልሽን አጉልተሽ እይው፣ በሁለቱ ጎን ቀጭን ጥቁር ወይም ደብዛዛ ጠርዝ ታገኛለሽ። እሱን ከግራ 8 ከቀኝ 8 ቁረጪው፣ 1440 ይሆንልሻል። አንዳንድ ፕሮግራም 16 ለ 15 ይጠቀምና ሙሉውን 720 ወደ 768 ብቻ ያሰፋዋል፣ ልዩነቱ 2 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ፊት ላይ ግን እኔ 12 ለ 11ን ነው የማምነው።

ከስር ያለው ደሞ ካሴቱ እየሞተ አይደለም፣ አይዞሽ። ቪኤችኤስ የሚነበበው በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ባሉ ሁለት ሄዶች፣ ማለትም ቴፑን በሚያነቡ ጫፎች ነው፣ አንዱ ጨርሶ ለሌላው ሲያስረክብ ምስሉ መጨረሻ መስመሮች ላይ ይሄ መርገብገብ ይፈጠራል። ሁሌም ነበረ፣ ልጅ ሆነሽም ነበረ። ያላየሽው የድሮ ቲቪ ምስሉን ከመስታወቱ ጠርዝ አሳልፎ ስለሚስለው ነው፣ ኦቨርስካን የሚባለው፣ ጠርዝ ጠርዙ ከፍሬሙ ጀርባ ይቀር ነበር። የዛሬ ስክሪን እስከ መጨረሻዋ ፒክስል ስለሚያሳይ ተደብቆ የኖረው ወጣ። አንድ 8 ወይ 10 መስመር ከስር በጥቁር ሸፍኚው፣ አታሳድጊው፣ መሸፈን ብቻ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ኢንተርሌስ ስለሆነ፣ ማለትም መስመሮቹ አንድ እየዘለሉ በሁለት ዙር ስለሚሳሉ፣ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው ያለው። ዲኢንተርሌስ ስታደርጊ፣ ግማሾቹን ሙሉ ምስል ስታደርጊ ማለት ነው፣ ውጤቱን 50 ፍሬም አድርገሽ አውጪው፣ 25 ካደረግሽው እንቅስቃሴው ግማሹ ይጠፋል። አባትሽ ሲራመድ ልዩነቱን ታዪዋለሽ። የመጀመሪያውን ፋይል ደሞ ሳትነኪው ሁለት ቦታ አስቀምጪው።

የካሴት_ልጅ፦

በ 50 አወጣሁት። ከበሩ ወጥቶ ወደ ካሜራው የሚመጣባት ቦታ አለች፣ በ 25 እየዘለለ ነበር የሚመጣው፣ አሁን በትክክል ይራመዳል፣ የግራ እግሩን ትንሽ ጎተት የሚያደርጋት ነገር ነበረችው፣ እሷ ራሷ ትታያለች። ረስቻት ነበር።

ጋሼ ፕሮጀክተር፣ እናቴ ሰላም ብላዎታለች።